አሥረኛው

ዳኑብ ደንዳና ነው፤ ወንዙ ድንጋይ ሆኗል፤
ከማዶ ኤስተርጎም ደወሏ ይሰማል።
ትናንት ላሞች ነድተን፣ ከዳሩ ላይ ጥለን፣
ሊወስዱ ከመጡ ይችለናል ብለን፣
ጠበቅን። መጥተው ነዱ። በረዶውም ቻለ።
የመቶ አለቃው ሣቀ፤ «ነገ ጠዋት» አለ።

ነገ ከፊት ሂያጁ እኔ ነኝ፣ ኬቻይ ነኝ፤
ሱራ ወንዝ ዳር ያለው ጥድ ጫካ ያሳደገኝ።

አባቴ ማር ቆራጭ፣ ጥድ ወጪ ነበረ፤
በጠፍር ታንጠልጥሎ ንብ ሲያነጋግር ኖረ።
የቁራ እግር ምልክት ግንዱ ላይ ይቀርጻል፤
የማን ቤት እንደሆነ ማንም ያየው ያውቃል።
ጎረቤት ቢራብም ያን ምልክት አይነካም፤
ከቀፎ የሰረቀ መቃብር አያገኝም።

ከዚያ ቆጣሪ መጣ።
ፈረሱን ቆጠረ፣ ከአሥር አንድ አወጣ፤
ማሩን በገምቦ ቆጥሮ፣ ከአሥር አንድ አወጣ፤
ከዚያ ወንዱን አሰልፎ፣ በዱላ እየነካ፣
ሲቆጥር፣ ሲቆጥር፣
አሥረኛ ነበርሁ ለካ።

አስተርጓሚው አለን፦ «አትፍሩ፤ አሥራት ነው፤
የትም አገር ያለ፣ ለጌታ የሚሰጥ ነው።»
እናቴ ሰማችው፤ ጆሮዋ ደከም ይላል፤
«እስራት ነው?» አለች።
ማንም አላረማት። አሁንም ያስቀኛል።

አባቴ ቃል አልወጣውም፤ ቢላውን አቀበለኝ፣
ያንኑ የማር ቢላ፣ ሰፈፍ እንደያዘ።
ሰባት ቀን በመንገድ እየላስሁት ሄድሁ፤
በስምንተኛው ጣዕሙ ፈዘዘ።

አሥር ሰው፣ አንድ ገመድ። አንዱ ቢኮበልል
ዘጠኙ ይታረዳል፤ ሕጉ እንደዚህ ይላል።
ስለዚህ ጠባቂዬ ሞንጎል አልነበረም፤
ጎኔ የሚጋደመው የአክስቴ ልጅ ቪርያስ፣
እግሩን እግሬ ላይ ጥሎ፣ ዓይኑን አይከድንም።
እኔም እጠብቀዋለሁ። እንዲህ ነው የተያዝነው፤
በሩን ማንም ሳይዘጋ፣ እርስ በርስ ዘግተነው።

በመጀመሪያው ከተማ ጋሻችን ደረት ነበር፤
ጭራሮ ተሸክመን ቦይ ውስጥ ስንጨምር
ፍላጻ ከፊት ይመጣል፣ ጅራፍ ከኋላችን።
በሁለተኛው ከተማ ጦር ሰጡን በእጃችን።
በሦስተኛው (መናገር አለብኝ) ፈረስ ሰጡኝ፤
ቀይ፣ ግንባሩ ነጭ። ወደድሁት። ገዙኝ።

ቪርያስ ቦይ ውስጥ ቀረ፣ ጭራሮው ላይ ወድቆ፤
በላዩ ተሻገርን። ማን ይቆማል አውቆ?
አሥር ግን አሥር ነው፤ ዘጠኝ አይባልም፤
ከቀጣዩ መንደር ሰው መሙላት አልከበደም።

አሁን አሥር አለቃ ነኝ። ጎዶሎዬን ሊሞሉ
አንድ ልጅ አምጥተው «ይኸው አሥረኛህ» አሉ።
ቡዛድ ይባላል፤ የወፍጮ ቤት ልጅ ነበረ፤
ከጆሮው ሥር ዱቄቱ፣ ሳይራገፍ ቀረ።
አባቱ የት እንዳለ አልጠየቅሁም፤ አውቃለሁ፤
ቦዩን የሞሉት እነማን እንደሆኑ አይቻለሁ።

ሕጉን በጣት ነገርሁት፦ አሥር ጣት ዘረጋሁ፣
አንዷን አጠፍሁና፣ ዘጠኙን በአንገቴ ላይ ሳብሁ።
ገባው። ልጅ ቶሎ ይገባዋል።

የመቁጠሪያ በትር ልቀርጽ ቢላዬን ሳወጣ
እጄ ሳላዘው ሄዶ የቁራ እግር አመጣ።
ቡዛድ በጣቱ ዳሰሰው፤ ዓይኑ ጠየቀኝ።
«ማር» ልለው ነበር፤ የእናቴ ቃል ጠፋኝ፤
አፌ ላይ የመጣው የአዛዦቹ ቋንቋ፣
«ወደ ፊት» ብቻ ነው፤ ሌላው በሩን አላንኳኳ።

እሳቱ አመድ ለበሰ። ማዶ ደወል ቆመ።
ከጭድ ክምሩ ላይ ልጁ ተጋደመ።
ጭራሮው ተቆጥሮ፣ በረዶው ተፈትኖ፣
ጎህ ሊቀድ ትንሽ ቀርቷል።
እሱን እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔ ነቅቼ ሰማሁ
የወንዙን የስንጥቅ ድምፅ።
እግሬን እግሩ ላይ ጣልሁ።